የቡሬው አራስ ቤት

ቡሬ፣ መስከረም 25 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ክንፈሚካኤል እጅጉ፤
በኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ ካርቱም።

ክረምቱን ከነጎርፉ አሻግሮ ለአበባው ወር ያበቃን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እርስዎ እንደምን ሰነበቱ? የካርቱም ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ፣ ምስጋና ለሱ፣ ደህና ነኝ። አባቴም ደህና ናቸው።

ይህን የምጽፍልዎ በመጀመሪያ ለማመስገን ነው። እናቴ በወባ ካረፈች በኋላ አዲስ አበባ ወስደው እንደ ልጅዎ ባያኖሩኝ፣ የአዋላጅ ነርስነቱንም ትምህርት እስክፈጽም ባይታገሡኝ፣ ዛሬ ነጭ ልብስ ለብሼ ሰው ባላገለገልኩ ነበር። ዲፕሎማዬን እንደ ተቀበልኩ መንግሥት ወደ ተወለድኩበት አገር መደበኝ፤ በቡሬ ጤና ጣቢያ አዲስ የተከፈተውን የማዋለጃ ክፍል እንድይዝ። በሰኔ ወር መጥቼ ሥራዬን ተረከብኩ።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። ከፍ ያለ የብረት አልጋ፣ የመሣሪያ መቀቀያና ፋኖስ አለው። የሌለው ወላድ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አንዲት እናት እንኳ ልትወልድበት አልመጣችም። አንድ ቀን ዓይናቸውን የታመሙ ሴትዮ ቅባት ሊቀበሉ መጥተው በሩን ክፍት አገኙትና፣ «ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እናቶች የሚወልዱበት ነው» አልኳቸው።

አልጋውን ከታች እስከ ላይ አዩት። «አይ ልጄ! በዚህ ቆጥ ላይ እንኳን ሰው ዶሮም አትፈለፍል» ብለውኝ ሄዱ። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ክንዱ ይህን ከሰሙ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ቆጡ እንዴት አደረ?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ቀልዱ ግን ሥር አለው። ክፍሉ እስከ ትንሣኤ ባዶውን ከቆየ አልጋው ለሌላ ጣቢያ እንዲሰጥ፣ እኔም ቁስል አጣቢ ሆኜ እንድቀር አቶ ክንዱ ከበላይ ታዘዋል። ቁስል ማጠብን አልንቅም። ነገር ግን የተማርኩት ሕፃን ተቀብዬ ለእናቱ ማስታቀፍን ነው፤ ሥራ ያልነካው እጅ ደግሞ የተማረውን ይረሳል።

ስለዚህ አጎቴ፣ በአዲስ አበባ ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ እንድዛወር አንድ ቃል ይጻፉልኝ ዘንድ በትሕትና እለምንዎታለሁ። በሰው አገር ሞገሱን ያልብስዎ።

ታዛዥ ልጅዎ፣
አቻምየለሽ ገብረሰንበት


ካርቱም፣ ኅዳር 10 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ልጄ ለአቻምየለሽ፤ ቡሬ።

የአባቶቻችን አምላክ ሰላሙን ያብዛልሽ። ደብዳቤሽ መንገድ ላይ ብዙ ስለ ዘገየ ምላሼን እንደ ቸልታ አትቁጠሪብኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ምስጋናሽን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ያበራሽው መብራት የራስሽ ነው፣ የኔ ድርሻ ዘይት ማቀበል ብቻ ነበር።

ስለ ሥራሽ በሰከነ ልብ እንነጋገር። በአገራችን ዲፕሎማ ያላት አዋላጅ በጣት የምትቆጠር ናትና በርሽ ብዙ ነው። በዋናው ከተማ ሆስፒታል ብትገቢ በታወቁ ሐኪሞች ሥር ትሠሪያለሽ፤ ወላድም አይጎድልብሽም። በተማርሽበት ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ብትሆኚ ካንቺ ኋላ የሚመጡትን ታስተምሪያለሽ። የሚሲዮን ሐኪም ቤቶችም እንዳንቺ ያለችውን ይፈልጋሉ፤ ጥቂት ዓመት ላገለገለች ደግሞ ለበለጠ ትምህርት ባሕር ማዶ የሚያሻግር ዕድል አይታጣም። ከነዚህ ሁሉ በኋላ ቡሬ አለ። ቡሬን መጨረሻ ያደረግኩት ንቄው አይደለም፤ ከሌሎቹ ሁሉ የሚከብደው እሱ ስለሆነ ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ብዙ ሰው ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር አይቻለሁ። የሄደበት ቦታ የሚያምርለት፣ የተወው ቦታ ለምን እንዳልሆነለት ያወቀ ሰው ነው። እናቶቹ ለምን እንደማይመጡ ገና አልነገርሽኝም። አልጋው ከፍ ማለቱን ብቻ ነግረሽኛል።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በአካባቢያችሁ በከፍተኛ ሥልጣን ላይ ላለ አንድ የቆየ ወዳጄ፣ እናቶች ወደ ጣቢያው እንዲመጡ እንዲያበረታታልን ጽፌለታለሁ። ይህ ካልረዳ ስለ አዲስ አበባው እናስባለን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ቄስ ገብረሰንበት በአጭር ቃል አለፍሽኝ። የቀዳሽ ሰው ጤና እንዲህ ባጭሩ አይነገርም። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው? መጥተው ቤትሽን ባርከውልሻል? እኔ ብጽፍላቸው መልስ ስለማይሰጡኝ ወሬያቸውን የማገኘው ካንቺ ብቻ ነው።

አምላክ እጅሽን ይባርክ።

አጎትሽ፣
ክንፈሚካኤል እጅጉ


ቡሬ፣ ጥር 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያደረሰዎ ጌታ ለጥምቀቱም ያድርስዎ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለ እኔ እንዲህ የሚያስብ ዘመድ ስለ ሰጠኝም ፈጣሪን አመሰገንኩ።

የጻፉላቸው ወዳጅዎ ቃልዎን አክብረዋል። ምናልባት ከሚገባው በላይ አክብረውት ይሆናል። እሳቸው ለበታቻቸው ጻፉ፤ የበታቹም ለበታቹ። በመጨረሻ ነገሩ በየመንደሩ ያሉት ጭቃ ሹሞች ዘንድ ሲደርስ አዋጅ ሆነ። በጅጋ ገበያ ቀን አንዱ ጭቃ ሹም ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ «ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ ቡሬ ጤና ጣቢያ ሄዳ በየስሟ ትመዝገብ! ያልሰማህ ስማ!» ብሎ ለፈፈ።

የአገራችንን ሰው ያውቁታል። መዝገብ ሲባል የሚሰማው ግብር ነው። አንዱ ሽማግሌ እህሉን ትቶ ተነሣና፣ «መሬታችንን በቀላድ ሊለኩ መጡ፤ አሁን ደግሞ ሆድ ውስጥ ያለውን? ገና ላልተወለደ ማን ይገብርለታል?» አለ። ሌላው ቀጠለ፤ «ተወው፣ መንታ ከሆነማ እጥፍ ሊያስከፍሉን ነው!» ገበያው በሳቅ ተናጋ፤ ሳቁ ሲያበቃ ግን ሴቶቹ አልነበሩም። ሆዳቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው በየአቅጣጫው ሄደዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለዓይን ቅባትና ለወባ ኪኒን ይመጡ የነበሩትም ቀሩ። እኔን መንገድ ላይ ሲያዩኝ «ቆጣሪዋ መጣች» ብለው አጥር ይጠጋሉ። አቶ ክንዱ እንኳ መቀለድ ትተዋል።

አጎቴ፣ ይህን የምነግርዎ ልወቅስዎ አይደለም። ከቅን ልብ የተነሣ ነገር ብዙ እጅ ሲያልፍ መልኩን እንደሚለውጥ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ጭቃ ሹሞቹ ዝም እንዲሉልኝ ብቻ እለምንዎታለሁ። ደግሞም እባክዎ፣ ስለ አዲስ አበባው የለመንኩዎትን አይርሱብኝ።

ገናን ያሳለፍኩት ቡሬ ነው። አባቴ ደህና መሆናቸውን ከመንደራችን የመጡ ነጋዴዎች ነግረውኛል።

ልጅዎ አቻምየለሽ


ካርቱም፣ የካቲት 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ አቻምየለሽ፤

ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አፈርኩ፤ ግን ሳትወቅሺኝ እውነቱን ስለ ነገርሽኝ ኮራሁብሽ። ጥያቄ አድርጌ የላክሁት ትእዛዝ ሆኖ ደረሳችሁ። አዋጁ እንዲነሣ ለወዳጄ በቴሌግራም አመልክቼ መነሣቱን አረጋግጦልኛል።

የለመንሽኝም ተሳክቷል። በአዲስ አበባ ከታወቁት ሆስፒታሎች አንዱ በማዋለጃ ክፍሉ ሊቀጥርሽ ፈቅዷል። ሥራው ከግንቦት ወር መጀመሪያ ይጀምራል፤ ቦታው ብዙ ፈላጊ ስላለው ግን እስከ ትንሣኤ ቁርጥ ያለ መልስ ይጠብቃሉ። ባለቤቴም ያደግሽበትን ክፍል እንዲያሰናዱልሽ አዲስ አበባ ላሉት ቤተሰቦቻችን ጽፋለች።

ገናን በአባትሽ ቤት ስላላሳለፍሽ፣ ጤንነታቸውንም ከነጋዴ ስለ ሰማሽ ልቤ አላረፈም። ከቡሬ እስከ ጅጋ መኪና አለ፤ ከጅጋ እስከ ቤታቸው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በመካከላችሁ ያለው መንገድ ካልሆነ ምንድን ነው? ልትነግሪኝ ካልፈቀድሽ አላስገድድሽም፤ መጠየቄን ግን አልተውም።

አጎትሽ ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ መጋቢት 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምወድዎ አጎቴ፤

አክብሮቴና ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ይህ ደብዳቤ ይረዝማል፤ እባክዎ ታግሠው ያንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት ቢሆነኝ የሚባል ገበሬ፣ ከጅጋ ማዶ ከኛ ደብር ተነሥቶ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ረፋድ ላይ ጣቢያው በር ደረሰ። ዱላውን እንደ ተደገፈ ዓይኔን እያየ፣ «የምትቆጥረው አንቺ ነሽ ወይስ የምታዋልደው?» አለኝ።

«የማዋልደው ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያ ነይ። የምትቆጥሪም ብትሆኚ ነይ። ሁለት ነፍስ ቆጥረሽ ትመለሻለሽ።»

ሚስቱ ደስታነሽ ከቀደመው ቀን ጀምሮ በምጥ ላይ ነበረች። እስከ ጅጋ በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ሄድን። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል፤ ሁሉም «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። የመንደሩ አዋላጅ እማማ አልጣሽ ከመግቢያው ላይ አገዱኝ።

«የቄስ ገብረሰንበት ልጅ! ይህን ደጃፍ ካለፍሽ ጠበል እስኪረጭ ቤተ ክርስቲያን አትገቢም። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ያቆምሻል? እጅሽን ታጠቢ!»

ሕፃኑ በእግሩ መጥቶ ነበር። ይህን እሳቸው ቀድመው አውቀዋል፤ «ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን አንቺ ታውቂው እንደሆነ» ብለው ቦታውን ለቀቁልኝ። እሳቸው ደስታነሽን ከኋላዋ አቅፈው በጉልበቷ አቆሟት፤ እኔ ከፊቷ ተንበርክኬ፣ እንደ ተማርኩት ሳልጎትት ጠበቅኩ። ትከሻ ወጣ፣ ራስ ተከተለ፣ ልጂቱ ግን አላለቀሰችም። አፏን ጠርጌ ጀርባዋን አሸሁት። አለቀሰች። ሴቶቹ እልል ሲሉ ቢሆነኝ ከደጅ ሆኖ «ምንድን ነው?» ቢል፣ እማማ አልጣሽ «ሴት ናት! መልኳም አንተን መስሏል፤ እንግዲህ ምን ይደረግ!» አሉት።

ወዲያው ገንፎ ተገነፋ፤ ለአራሷ በቅቤ፣ ጾም ነውና ለኛ በተልባ። እኔም ከሴቶቹ ጋር እየበላሁ ሳለ ከአጥሩ ውጭ ሳል ሰማሁ። ሳሉን አወቅኩት። ወደ አጥሩ ሄጄ ከውስጥ በኩል ቆምኩ።

«እናቲቱ ተረፈች?» አሉኝ አባቴ።

«ተርፋለች፣ አባቴ።»

«ልጂቱስ?»

«ደህና ናት።»

«አንቺስ በልተሻል?»

«እየበላሁ ነው።»

«በይ እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብለው ሄዱ። ሰሙነኛ ነበሩ፤ በሳምንቱ ቀዳሽ እሳቸው ናቸው።

አጎቴ፣ እየደጋገሙ የጠየቁኝ ይህ ነው። ባለፈው ሰኔ ወደዚህ ስመደብ አባቴ እንዲህ ብለውኝ ነበር፤ «ሥራሽን አልጠላም፤ እመቤታችንም ወልዳለች። ነገር ግን እኔ ቀዳሽ ነኝ። ከአራስ ቤት የዋለ ሰው ጠበል ሳይረጭ ቤቴ ከገባ መቅደስ መግባት አልችልም። አንቺ ደግሞ የት እንደምትውዪ አይታወቅም።» ከዚያ ወዲህ እኔ ቤታቸው አልገባሁም፣ እሳቸውም ቤቴን አልረገጡም። አንዲት እናት ሳላዋልድ አባቴን አጣሁ። ይህን መጻፍ እሳቸውን ማማት መስሎ ስለ ተሰማኝ ዝም አልኩ።

እናቶቹ ለምን እንደማይመጡ ጠይቀውኝ ነበር። መልሱን ቢሆነኝ ቤት አገኘሁት። ጣቢያችን ባለ አንድ ጣሪያና ባለ አንድ በር ነው። አንዲት ሴት ከወለደችበት ለዓይን ቅባት የመጣው ሁሉ ከአራስ ቤት እንደ ወጣ ይቆጠራል። ገንፎ የሚገነፋበት ምድጃ የለም፤ ማርያምን የሚጠሩ ጎረቤቶች የሚቀመጡበት ቦታ የለም። ከሁሉ በላይ የመንግሥትን ቤት መጥቶ ጠበል የሚረጭ ካህን የለም። ታዲያ ማን ሳይነጻ በሚቀር ቤት ይወልዳል?

ስለዚህ ልመናዬን እለውጣለሁ። ለኔ ይጻፉልኝ ያልኩትን ለቤቱ ይጻፉልኝ። በጣቢያው ግቢ ጥግ፣ በሩ ለብቻው የሆነ፣ ምድጃ ያለው የሣር ቤት እንድንሠራ ይፈቀድልን። ፍኖተ ሰላም ያሉት ሊቀ ካህናትም ካህናቱ ቤቱን ጠበል እንዲረጩ ይፍቀዱልን። ፈቃዱ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ሆስፒታሉን ግን ስለ መልካም ሐሳቡ አመስግነው፣ ቦታውን ለሌላ እንዲሰጥ ይንገሩልኝ። ያደግሁበትን ክፍል ሳስብ ይህን መጻፍ እንዳልቀለለኝ ይወቁልኝ።

ልጅዎ አቻምየለሽ


ካርቱም፣ መጋቢት 27 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ አቻምየለሽ፤

ለትንሣኤው ያድርስሽ፤ ይህ ደብዳቤ ግን ከትንሣኤ በኋላ ሳይደርስሽ አይቀርም።

በፈቃድሽ መሠረት ለሆስፒታሉ ጽፌያለሁ፤ ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። እንግዲህ የሚመለሱበት ድልድይ የለም። ይህን በድፍረት የማሳስብሽ ልብሽ እንዲጸና እንጂ እንዲፈራ አይደለም። ባለቤቴ ጥቂት አለቀሰች፤ ከዚያ «የጎጃም ልጅ እኮ ናት» ብላ ስለ ገንፎው ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ።

ለጤና ጥበቃም ለሊቀ ካህናቱም ጽፌያለሁ። ለሊቀ ካህናቱ ስጽፍ እንደ ባለሥልጣን ሳይሆን እንደ ደብሩ ልጅ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ነው። ማንንም እንዲያዝዙ አልለመንኳቸውም። ከላይ የተላከ በረከት እንኳ ጭቃ ሹም እጅ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አንቺ አስተምረሽኛል።

ለወንድሜም ጽፌያለሁ። ስላንቺ ግን ምንም አልለመንኳቸውም። ካህን ለልጁ ብሎ ሥርዓቱን ያፍርስ አልልም፤ አንቺም እንዲህ አትይም። በአጥር ማዶ ቆመው መብላትሽን ከጠየቁሽ ግን አባትሽን አላጣሻቸውም።

ስለ እውነቱ አመሰግንሻለሁ።

አጎትሽ ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ ግንቦት 18 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምወድዎ አጎቴ፤

እንኳን ለበዓለ ሃምሳው በሰላም አደረሰዎ። የዘገየሁት እጄ ጭቃ ስለ ነበረ ነው፤ በእውነት ጭቃ።

ትንሣኤ እንዳለፈ የብረቱ አልጋ ተጭኖ ሄደ። አቶ ክንዱ ከደጅ ቆመው «ቆጡ በረረ!» ካሉ በኋላ ፊታቸውን አኮስትረው ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ወሰዱኝ። እዚያ ስሠራ ሳለሁ የእርስዎ ልመና ፍሬ አፍርቶ የጤና ጥበቃ ፈቃድ መጣ፤ ፈቃድ እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። ቢሆነኝ ይህን ሲሰማ ጎረቤቶቹን ለደቦና ለወንፈል ጠርቶ፣ እንጨትና ሣር አስይዞ ከጅጋ ድረስ አመጣቸው። አቶ ክንዱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃ ሲረግጡ ገበሬዎቹ «አይዞዎት ጌታው፣ ይህ ጭቃ ያለ ሹም ነው!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እማማ አልጣሽም መጥተው የምድጃውን ጉልቻ በእጃቸው ተከሉ። ዝናቡ ሳይመጣ ክዳኑ አለቀ።

የመጀመሪያዋ እናት ከሽንዲ በኩል በቃሬዛ መጣች። በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ምጧ ሲያልፍ ግን ባሏ፣ «ጠበል የሚረጭልን ማነው? ሳይረጭ ወዴት እንሄዳለን?» ብሎ ጠየቀኝ። የሊቀ ካህናቱ ደብዳቤ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን «የፈቀደ ካህን ይሂድ» ይላል። የከተማው ካህናት አልከለከሉኝም፤ ብቻ እያንዳንዱ ሌላው አስቀድሞ እንዲሄድ ጠበቀ። የባልየው ወንድም ቃሬዛውን ማሰር ጀመረ። እሷ እንዲህ ከሄደች ሌላ እናት እንደማትመጣ ሁላችንም አውቀናል።

ክዳኑን ሊያጠናክር የቆየው ቢሆነኝ ይህን አይቶ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። ወሬውን ለማን ሊነግር እንደሄደ አልነገረኝም።

በማግስቱ አባቴ መስቀላቸውንና ማሰሮ ሙሉ ጠበል ይዘው በግቢው በር ገቡ። ባለፈው የተለያየነው በአጥር ነበርና ከአራስ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንዳለሁ ቆምኩ።

«አባቴ፣ ሰሙንዎ አይደለም እንዴ?»

«ሰሙን ይለወጣል። ለጓደኛዬ ሰጥቼው፣ የሱን ወሰድኩ» አሉና መስቀሉን አሳለሙኝ። «ሥርዓት አፈረስኩ እንዳትይ። የሚፈርስ ሥርዓት የለም፤ የሚቀየር ተራ ነው።»

ጸሎቱን አድርሰው አራሷን፣ ሕፃኑን፣ ግድግዳውን፣ ምድጃውን ረጩ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው ከራሴ እስከ እግሬ አጠቡኝ ማለት ይቻላል፤ «ያንቺ ከሰኔ ጀምሮ የተጠራቀመ ነው» አሉኝ። ባልየው ቃሬዛውን ፈታው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሎች እናቶች መጥተዋል፤ የከተማው ካህናትም አሁን ተራ አውጥተው ይመጣሉ። አቶ ክንዱም ከቁስል ማጠቢያው ነፃ አውጥተውኛል።

አጎቴ፣ አባቴ ለደብዳቤዎ መልስ ያልጻፉልዎ ቃል አጥተው ነው። እኔ ግን ቃል አላጣሁም። አዲስ አበባን ስለ ሰጡኝ፣ ቡሬንም ስለ ፈቀዱልኝ፣ ሁለቱንም አመሰግንዎታለሁ።

የአባቴ ሰሙን እሑድ ይጀምራል። እስከዚያ እኔ ዘንድ ይሰነብታሉ።

ልጅዎ፣
አቻምየለሽ ገብረሰንበት